ዋንጫ አላቸው፤ የውድድር ዘመን ግን የላቸውም

ከፒያሳ እስከ ስድስት ኪሎ ካሉት የድሮ ትምህርት ቤቶች ወደ አንዱ ገብቶ የርዕሰ መምህሩን ቢሮ የሚያይ ሰው ዋንጫ አያጣም። ከሰንደቅ ዓላማውና ከመዝገቡ ጎን አቧራ የጠጣ የእግር ኳስ ዋንጫ፣ የመረብ ኳስ ዋንጫ፣ አንዳንዴም የጠረጴዛ ቴኒስ ዋንጫ ተደርድሮ ይኖራል። «ይህ ቡድን ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ተጫወተ? ከተጫወቱት ልጆች ዘንድሮ የተመለሱት ስንት ናቸው?» ተብሎ ቢጠየቅ ግን መልሱ የተጻፈበት ወረቀት አይገኝም።

ነገሩ ወዲህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ቤት ስፖርት የሚጀምረው በደብዳቤ ነው። የትምህርት ቤቶች ውድድር ሊጀመር ነውና ቡድን አዘጋጁ ይላል። የስፖርት መምህሩ በዕረፍት ሰዓት ልጆች ይሰበስባል፤ ፈጣኑን፣ ረዘም ያለውን፣ ሰፈር ውስጥ ሲጫወት የታየውን። ማልያ ከየትም ይፈለጋል። ቡድኑ ሄዶ አንድ ጊዜ ይጫወታል። ከተሸነፈ በዚያው አለቀ። ካሸነፈ አንድ ሁለት ጊዜ ይደግማል። ከዚያ መረቡ ተጠቅልሎ ዕቃ ግምጃ ቤት ይገባል፤ እስከሚቀጥለው ደብዳቤ ድረስ።

በእርግጥ ሁሉም ትምህርት ቤት እንዲህ አይደለም። በራሱ ጊዜና በራሱ ኪስ ልጆችን ዓመቱን ሙሉ የሚያሠራ መምህር ያለበት ግቢ ይለያል። ግን ያ የሰውየው ጥንካሬ እንጂ የአሠራሩ ውጤት አይደለም። መምህሩ ሲዛወር ሥራውም አብሮት ይዛወራል።

ውድድር አንድ ነገር ነው፤ የውድድር ዘመን ሌላ። ውድድር ማን እንደሚበልጥ ይለያል። የውድድር ዘመን ግን ልጆችን ያሳድጋል። የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የጎደላቸው ሁለተኛው ነው። ይህን ጉድለት ደግሞ ከሜዳ ቴኒስ በላይ አጋልጦ የሚያሳይ ስፖርት ማግኘት ያስቸግራል።

◆ ሒሳቡ

ስድስት ትምህርት ቤቶች የቴኒስ ቡድን ቢያቋቁሙና በጥሎ ማለፍ ቢገጥሙ፣ አሸናፊው እስኪለይ የሚደረገው ግጥሚያ አምስት ብቻ ነው። እነዚሁ ስድስት ትምህርት ቤቶች አንድ ጊዜ በግቢያቸው፣ አንድ ጊዜ በተጋጣሚያቸው ግቢ እየተገናኙ በዙር ቢጫወቱ ግን ግጥሚያው 30 ይሆናል። እያንዳንዱ ቡድን አሥር ጊዜ ይጫወታል። ትምህርት ቤቶቹ ያው ናቸው፤ ልጆቹም ያው፤ መረቡም ያው። የተለወጠው የቀን መቁጠሪያው ብቻ ነው።

ከአሥር ግጥሚያ አንድ ልጅ ምን ያገኛል? በመጀመሪያው ቀን እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሰርቩ ሁለቴ መረብ ይነካና ነጥቡን ሳይጫወት ይሰጣል። በሦስተኛው ሳምንት ተጋጣሚው ሁልጊዜ ወደ ግራው እንደሚመታበት ይገባዋል። በአምስተኛው ሳምንት ያንን ለመመለስ እግሩን ቀደም አድርጎ ማንሳት ይጀምራል። በስምንተኛው ሳምንት ደግሞ መጀመሪያ ያሸነፈውን ልጅ እንደገና ያገኘዋል።

ትልቁ ትምህርት ያለው እዚያ የመልስ ጨዋታ ላይ ነው። ጥሎ ማለፍ የመልስ ጨዋታ የለውም። የተሸነፈ ልጅ ተሸንፎ ይቀራል። «ይህ ነገር ለእኔ አይሆንም» ብሎ ራኬቱን ያስቀምጣል፤ ተሳስተሃል የሚለው ማስረጃ በእጁ የለም። የውድድር ዘመን ያለው ልጅ ግን በኅዳር ያቃተው ነገር በመጋቢት እንደተቻለ በራሱ ዓይን ያያል። ይህንን በምክርና በስብከት መስጠት አይቻልም።

ቴኒስ ሌላም የራሱ ጠባይ አለው። በእግር ኳስ 2 ለ 0 የሚመራ ቡድን ሰዓት ሊያባክን ይችላል። በቴኒስ ሰዓት የለም። የሚመራውም ልጅ የመጨረሻዋን ነጥብ ተጫውቶ ማግኘት አለበት፤ የሚመራበትም ልጅ የመጨረሻዋ ነጥብ እስክትቆጠር ድረስ አላለቀለትም። ከአሥር ጓደኞች ኋላ መደበቅም አይቻልም።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ዳኛ በሌለበት የቴኒስ ግጥሚያ፣ በተጫዋቹ በኩል ያረፈችው ኳስ መስመር ውስጥ ትሁን ውጪ የሚናገረው ተጫዋቹ ራሱ ነው። ደንቡም ግልጽ ነው፤ ከተጠራጠረ ኳሷ ገብታለች ማለት አለበት። ጥርጣሬው ለተጋጣሚው ይሰጣል። የ13 ዓመት ልጅ በራሱ ላይ እውነት እንዲመሰክር በየሳምንቱ የሚጠየቅበት ቦታ በትምህርት ቤት ሕይወት ውስጥ ብዙ የለም። አንድ ጊዜ ብቻ የሚጫወት ልጅ ቢዋሽ አትርፎ ሊሄድ ይችላል። ያንኑ ልጅ በሚቀጥለው ወር በተጋጣሚው ግቢ እንደገና እንደሚያገኘው የሚያውቅ ግን ስሙን ማሰብ ይጀምራል።

◆ አራዳ ይህን ታውቀው ነበር

ይህ ከውጭ የመጣ ቅንጦት ለሚመስለው ሰው የአራዳን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በዚህች ከተማ ዘመናዊ ስፖርት ያደገው ከትምህርት ቤትና ከሰፈር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ተከፈተ። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከተለ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. እዚሁ አራዳ ውስጥ ሲመሠረት፣ ከመሥራቾቹ መካከል አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ስታዲየምም ስፖንሰርም አልነበራቸውም። የነበራቸው ሰፈርና በየጊዜው የሚሰበሰቡ ልጆች ነበሩ።

ይድነቃቸው ተሰማን ያፈራው ይኸው መንገድ ነው። በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ለረጅም ዓመታት ተጫወቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሳ ቡድኑን ካሠለጠኑት አንዱ ነበሩ። ከ1972 እስከ ሕልፈታቸው እስከ 1987 ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኑ። እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ውድድር አልተገኘም። ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ የተሠራ ነው።

ከአዲስ አበባ ውጪ ያለው ማስረጃ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። አርሲ ውስጥ በቆጂ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ልጆችን ማሠልጠን ጀመሩ። ከእጃቸው ካለፉት መካከል ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ይገኛሉ። ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታመጣ በኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች።

ስለ በቆጂ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከፍታው፣ አየሩና የልጆቹ እግር ነው። ከፍታና አየር ግን በሌሎች ብዙ ወረዳዎችም አለ። በቆጂ የነበረው በአንድ ቦታ፣ በአንድ መምህር፣ ሳይቋረጥ የሚደጋገም ልምምድ ነው። ዛሬ የተሸነፈ ልጅ ነገም እዚያው ይመጣል። ሀገሪቱ ይህን አሠራር በሩጫ በዓይኗ አይታለች። በሌላው ስፖርት ለምን እንዳልሞከረችው ግን የሚያስረዳ የለም።

◆ «ቴኒስ የሀብታም ጨዋታ ነው»

ይህ መቃወሚያ ባዶ አይደለም። ትምህርት ቤት ውስጥ «ቴኒስ» ሲባል አብዛኛው ተማሪ የሚያስበው የጠረጴዛውን ነው፤ የሜዳውን ቴኒስ ሆቴልና ክለብ አጥር ውስጥ ካልሆነ ያየው ጥቂቱ ነው። ሙሉ የቴኒስ ሜዳ 23.77 ሜትር ይረዝማል፤ ከመስመሩ ውጪም ሰፊ መሮጫ ይፈልጋል። በፈረቃ ለሚያስተምር የፒያሳ ግቢ ይህን ያህል ቦታ ለአራት ተጫዋች መስጠት አይታሰብም።

ግን ሕፃናት በሙሉ ሜዳ መጀመር የለባቸውም። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ይህን በደንብ ካጸደቀው ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ዕድሜያቸው 10 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች በሚወዳደሩበት ውድድር መደበኛው ቢጫ ኳስ አይፈቀድም። በምትኩ ሦስት ደረጃ አለ። የመጀመሪያው ቀይ ኳስ ነው፤ ከመደበኛው 75 በመቶ ያህል ይዘገያል፣ ሜዳውም 11 ሜትር ገደማ ነው። ሁለተኛው ብርቱካንማ ኳስ ነው፤ 50 በመቶ ያህል ይዘገያል፣ ሜዳው 18 ሜትር ነው። ሦስተኛው አረንጓዴው 25 በመቶ ያህል የሚዘገይ ሲሆን በሙሉ ሜዳ ይጫወቱበታል።

እዚህ ላይ አንድ ቁጥር ልብ ይሏል። የመረብ ኳስ ሜዳ ርዝመቱ 18 ሜትር፣ ስፋቱ 9 ሜትር ነው። የብርቱካንማው ቴኒስ ሜዳ 18 ሜትር በ6.5 ሜትር ነው። ይህም ማለት የመረብ ኳስ መስመር የተሰመረበት ትምህርት ቤት ሁሉ የልጆች ቴኒስ ሜዳ ቀድሞውኑ አለው። የሚያስፈልገው መረቡን ወደ 80 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግና በጎኑ ሁለት መስመር በኖራ መጨመር ነው። ለትንንሾቹ ደግሞ በአንድ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ከአንድ በላይ የቀይ ኳስ ሜዳ ጎን ለጎን ይወጣል።

የዘገየ ኳስ ለአዲስ አበባ ሌላም ጥቅም አለው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ከዝቅተኛ ቦታ ይልቅ ፈጥኖና ርቆ ይሄዳል። የቴኒስ ደንብ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ ለከፍታ የሚሆን የተለየ ኳስ የሚፈቅደውም ለዚህ ነው። ፒያሳ ላይ መደበኛ ኳስ የተሰጠው ጀማሪ ልጅ ኳሱን ከአጥር ውጪ ሲልክና ሲፈልግ ይውላል። ቀዩ ኳስ የተሰጠው ግን በመጀመሪያው ቀን አምስት ስድስት ጊዜ እያመላለሰ ይጫወታል።

ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ራኬት ከውጭ ይመጣል፤ ኳስም እንዲሁ። ግን ራኬት የልጁ ንብረት መሆን የለበትም። እንደ ቤተ ሙከራ ማይክሮስኮፕ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ተመዝግቦ፣ ጠዋት አንዱ፣ ከሰዓት ሌላው የሚይዘው ዕቃ ነው። ለአንድ ትምህርት ቤት አሥራ ሁለት ራኬት ካለ ቡድን ማቋቋም ይቻላል።

◆ የተገኘ ልጅና የተዘጋጀ መንገድ

በአፍሪካ ቴኒስ ሁለት ዓይነት ታሪክ አለ። አንደኛው የዕድል ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካዊው ኮከብ አርተር አሽ ካሜሩንን ሲጎበኝ ያውንዴ ላይ የ11 ዓመት ልጅ ሲጫወት አየ። ልጁ ያኒክ ኖሃ ነበር። አሽ ስለ ልጁ ለፈረንሳይ ቴኒስ ሰዎች ነገራቸው፤ ኖሃም ወደ ፈረንሳይ ሄዶ ሠለጠነ፤ በ1983 የፈረንሳይ ኦፕንን አሸነፈ። ድንቅ ታሪክ ነው። ግን አሽ በዚያ ቀን በዚያ ሜዳ በኩል ባያልፍስ? በያውንዴ የቀሩት ሌሎቹ ልጆችስ?

ሁለተኛው የመንገድ ታሪክ ነው። ቱኒዚያዊቷ ኦንስ ጃበር ቴኒስን በትንሽነቷ ሱስ ከተማ ውስጥ በትምህርት ቤቷ በነበረ የቴኒስ ማስፋፊያ ማዕከል ጀመረች። ቀጥሎ የገባችበት ክለብ የራሱ ሜዳ አልነበረውም፤ በአካባቢው ሆቴሎች ሜዳ ነበር የሚለማመዱት። በኋላ በዋና ከተማዋ ቱኒስ ወደሚገኘው የስፖርት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተዛወረች። በ2022 እና በ2023 በተከታታይ ለዊምብልደን ፍጻሜ ደረሰች። ትምህርት ቤት፣ ክለብ፣ የስፖርት ትምህርት ቤት፤ እያንዳንዱ ደረጃ ለቀጣዩ ያቀብላታል። የጎረቤት ሀገር ኬንያ ልጅ አንጄላ ኦኩቶዪም በ2022 በዊምብልደን የወጣት ሴቶች ጥንድ ውድድር ዋንጫ አንስታለች። የናይሮቢ ልጅ ከቻለች የአዲስ አበባ ልጅ የማትችልበት ተፈጥሯዊ ምክንያት የለም።

በኢትዮጵያም ጅምሩ አለ። ታሪኩና ደስታ የተባሉ ወንድማማቾች ከችግረኛ ቤተሰብ የመጡ የአዲስ አበባ ልጆችን ቴኒስ እያሠለጠኑ በትምህርታቸው የሚደግፍ ድርጅት አቋቁመው ለዓመታት ሠርተዋል። ይህ የግለሰቦች ጥረት የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ግለሰብ የሚደርሰው ለደረሰለት ልጅ ነው። ትምህርት ቤት ግን በሩን ለገባ ሁሉ ይደርሳል።

◆ «ፈተና እየወደቁ ቴኒስ?»

ከሁሉም የሚከብደው መቃወሚያ ይህ ነው፤ በቀልድ ሊታለፍም አይገባም። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ወላጅ ይህን ሰምቶ «ልጄ መጽሐፍ ይያዝ እንጂ ራኬት ምን ያደርግለታል?» ቢል ማን ይፈርድበታል?

ግን ይህ ውጤት የመጣው ልጆች ስፖርት ስለበዛባቸው አይደለም። ትምህርት ቤቶቹ ሜዳ ላይ ባዶ ነበሩ፤ ክፍል ውስጥም አልሞሉም። የዚያ ዓመት ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ የተሰጠው ኩረጃ ሥር ስለሰደደ እንደነበርም አይዘነጋም። ችግሩ የዕውቀት ብቻ አልነበረም፤ ያለ ጠባቂ እውነተኛ መሆን የመቻል ጉዳይም ነበረበት። ትንሽ በትንሽ መሻሻልን ያልለመደ፣ ዛሬ የለፋበትን ከአራት ወር በኋላ ሲያፈራ አይቶ የማያውቅ ልጅ፣ የአራት ዓመት ትምህርትን በአንድ ሳምንት ጥናትና በጎረቤት ወረቀት ሊያልፍ ቢያስብ አይገርምም። በደብዳቤ የሚጀምር የስፖርት ቡድንና በፈተና ዋዜማ የሚጀመር ጥናት አንድ ዓይነት ልማድ ናቸው።

ስለዚህ ጥያቄው «ትምህርት ወይስ ስፖርት?» አይደለም። ትምህርት ቤቱ ለልጁ የዝግታን ዋጋ የሚያሳይበት አንድ ነገር አለው ወይ ነው። ሙዚቃ ሊሆን ይችላል፤ ቼዝም ሊሆን ይችላል። ቴኒስ ከእነዚህ አንዱ ነው።

ገደብም ያስፈልጋል። የትምህርት ክትትሉን የተወ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ግጥሚያ አይሰለፍ። ይህን የሚወስነው ግን አሠልጣኙ ብቻ ሳይሆን ከክፍል ኃላፊው መምህር ጋር ሆኖ ይሁን። ያን ጊዜ ቡድኑ ለትምህርቱ አጋዥ ይሆናል።

◆ ፒያሳ ስትለወጥ

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ መልኳ ተለወጠ። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት ተመረቀ። ብዙም ሳይቆይ ሰፊ የፈረሳና የግንባታ ሥራ ተከተለ፤ እንደ ዶሮ ማነቂያ ያሉ ሰፈሮች ተነሡ፤ ነዋሪዎች ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ሄዱ። ስለዚህ ሥራ የሚባለው ብዙ ነው፤ የሚደግፈውም የሚያዝንበትም አለ። እዚህ የሚነሳው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጆቹ።

በድሮው ሰፈር የትምህርት ቤቱን ጉድለት ሰፈሩ ይሸፍን ነበር። ልጁ ከትምህርት ቤት ወጥቶ መንደር ውስጥ ኳስ ይጫወታል፤ ጆተኒ ጋ ተራ ይጠብቃል፤ ትልልቆቹ ይገሥጹታል። ማንም የውድድር ዘመን ብሎ ባይጠራውም ሰፈሩ በየቀኑ የሚገናኝ የራሱ ሊግ ነበረው። ሰፈሩ ሲበተን ያ ሊግም አብሮ ተበተነ። አዲስ ጎረቤት ውስጥ ለገባ ልጅ ቋሚ የሆነለት ቦታ ትምህርት ቤቱ ነው። ትምህርት ቤቱም በዓመት አንድ ደብዳቤ ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ ልጁ የሚውለው የት ነው? መልሱን ስልኩ ያውቀዋል።

በሌላ በኩል በከተማዋ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩ መጫወቻ ሜዳዎች አሉ። ይህ መልካም ነው። ሜዳ ግን በራሱ ተጫዋች አያወጣም። ያልተደራጀ ሜዳ ቀድሞ ለደረሰውና ለጉልበተኛው ነው። ሴት ልጆች፣ ትንንሾችና ጀማሪዎች ዳር ቆመው ያያሉ። ሜዳውን ለሁሉም የሚያደርገው መርሐ ግብር ነው፤ ቅዳሜ ከ2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት የእነዚህ ሁለት ትምህርት ቤቶች ነው ተብሎ የተጻፈ ወረቀት።

◆ ምን ይደረግ

አንደኛ፦ ትንሽ ይጀመር። ስድስት ትምህርት ቤቶች ይበቃሉ። በእግር የሚገናኙ ቢሆኑ ደግሞ የትራንስፖርት ጥያቄ ይቀራል። ስድስት ልጆች በአንድ ቡድን፣ ሦስት ወንድ ሦስት ሴት። በአንድ ግጥሚያ አምስት ጨዋታ ይኑር፤ ሁለት የወንድ ነጠላ፣ ሁለት የሴት ነጠላ፣ አንድ የወንድና የሴት ጥንድ። እንዲህ ሲሆን የሴቷ ነጥብ ከወንዱ ነጥብ እኩል ይቆጠራል። ለማሸነፍ የሚፈልግ ትምህርት ቤት ሴቶቹን ማሠልጠን ግድ ይሆንበታል፤ ልመናም ስብሰባም አያስፈልግም።

ሁለተኛ፦ የቀን መቁጠሪያው ከመስከረም በፊት ይታወቅ። የኢትዮጵያ የትምህርት ዓመት ለዚህ የተመቸ ነው፤ ክረምቱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው የሚበረታው። አምስት ግጥሚያ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ጥር ለፈተና ይተው፣ አምስቱ የመልስ ጨዋታዎች በየካቲትና በመጋቢት። በሁዳዴና በረመዳን የሚጾሙ ልጆች ስላሉ ያን ጊዜ ጨዋታው ጠዋት በማለዳ ይሁን። ይህን ያህል ማሰብ ከባድ አይደለም፤ አስቀድሞ ማሰብን ብቻ ይጠይቃል።

ሦስተኛ፦ የስፖርት መምህሩ ሰዓት ይቆጠርለት። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከልጆች ጋር የሚቆም መምህር በሳምንቱ የማስተማር ጫናው ላይ ሊታሰብለት ይገባል። በመልካም ፈቃድ ብቻ የቆመ ሥራ መልካም ፈቃዱ ሲደክም ይወድቃል። የበቆጂው ዓይነት መምህር በየትምህርት ቤቱ አይገኝም፤ ተራው መምህርም የሚችለው አሠራር ያስፈልጋል።

አራተኛ፦ የቀድሞ ተማሪዎች ይጠሩ። የእነዚህ የድሮ ትምህርት ቤቶች ልጆች በሀገር ውስጥም በውጭም ሞልተዋል። ብዙዎቹ ለትምህርት ቤታቸው አንድ ነገር ማድረግ ይፈልጋሉ። ሐውልትና ቀለም ከመለመን ይልቅ «የአንድ የውድድር ዘመን ኳስና ራኬት» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ውጤቱም በየሳምንቱ የሚታይ ነው።

አምስተኛ፦ ደብተር ይኑር። ማን ከማን ተጫወተ፣ ስንት ለስንት፣ ማን ቀረ፣ ማን ተመለሰ። የትምህርት ቤት ቡድን እድገት የሚለካው በመደርደሪያው ዋንጫ አይደለም። ባለፈው ዓመት ከተጫወቱት ስድስት ልጆች ዘንድሮ አራቱ ከተመለሱ፣ በኅዳር ሰርቭ ማስገባት ያቃታት ልጅ በመጋቢት ካስገባች፣ የመጨረሻ የወጣው ትምህርት ቤት ለሚቀጥለው ዓመት ከተመዘገበ፣ ያ ዘመን የተሳካ ነው። ከእነዚህ ልጆች አንድም ዊምብልደን ባይደርስ ምንም አልጎደለም። አንዷ ብትደርስ ደግሞ በዕድል አልደረሰችም።

በመጨረሻ፣ ይህን የሚያነብ ወላጅ፣ መምህር ወይም የክፍለ ከተማ ባለሙያ ካለ የሚጀምርበት ቦታ ሩቅ አይደለም። በቅርቡ ወዳለው ትምህርት ቤት ሄዶ አንድ ጥያቄ ማንሳት ይችላል። «ስንት ዋንጫ አላችሁ?» ሳይሆን «የሚቀጥለው ግጥሚያችሁ መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ቀኑ ከታወቀ ሥራው ተጀምሯል። «ደብዳቤ ሲመጣ» ከተባለ ግን ልጆቹ አሁንም ዳር ቆመው እየጠበቁ ነው።